ፍሊያ፦ የአልባንያ ገበሬዎች ምግብ

አልባንያ በአውሮፓ የምትገኝ ተራራማ አገር ናት። በሰሜን ተራሮቿ ቴት የሚባል መንደር አለ። እዚያ ገበሬዎች መንገደኛን በቤታቸው ያሳድራሉ። የአገራቸውን ምግብ አሠራርም ያሳያሉ።

ከምግቦቻቸው አንዱ ፍሊያ ነው። ዱቄት፣ ውሃና ጨው ቀጠን ተደርጎ ይበጠበጣል። ክብ ትሪ ቅቤ ይቀባል። ሊጡ እንደ ፀሐይ ጨረር ተራርቆ በመስመር በመስመር ይፈስሳል። ከዚያም በእሳት የጋለ የብረት ክዳን፣ እንደ አክንባሎ ያለ፣ ይደፋበታል። ሙቀቱ የሚመጣው ከላይ ነው። ሊጡ ሲበስል ክዳኑ ይነሳል። በክፍተቱ ሌላ ሊጥ ይጨመራል። ቅቤና የወተት ስልባቦት ይቀባል። እንዲህ እየተደራረበ ይጋገራል።

ፍሊያ ቶሎ ቶሎ አይሆንም፤ ሰዓታት ይፈጃል። እንግዳው ከእሳቱ ዳር ቁጭ ብሎ ያያል፤ ሊጡንም ራሱ አፍስሶ ይሞክራል። ሙያ የሚለመደው በእጅ ነውና።

ይህ ለገበሬው ምን ይጠቅማል? ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ አልባንያውያን ሥራ ፍለጋ ወደ ጣልያንና ወደ ግሪክ ሄዱ። ብዙ የተራራ መንደሮች ሰው አነሳቸው። ዛሬ እንግዳ የሚከፍለው ገንዘብ የቀረው ቤተሰብ በቀዬው እንዲኖር ይረዳል። የእናቶች ሙያም ተማሪ ያገኛል። ተማሪ ያጣ ሙያ ከባለሙያው ጋር ይቀበራል።

ጥያቄ፦ በቤታችሁ ከእናት ወደ ልጅ ያልተላለፈ ሙያ የትኛው ነው?