የእሽቅድምድም ጀልባ ሆድና የኋላ ጠርዙ

በሬዲዮ የምትመራ የኤሌክትሪክ እሽቅድምድም ጀልባ ፍጥነቷ አልጨምር ሲል፣ ባለቤቷ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ትልቅ ሞተር ነው። ይሁን እንጂ የውሃው ተቃውሞ ከፍጥነት ስኩዌር ጋር የሚያድግ ከሆነ፣ ፍጥነትን በእጥፍ ማሳደግ ስምንት እጥፍ ኃይል ይጠይቃል። ይህን ሁሉ ከባትሪ ከመሻት በፊት ጀልባዋን ገልብጦ የሆዷን የኋላ ሲሶ መመርመር ይበጃል።

ምክንያቱ እንደሚከተለው ነው። በዝግታ የምትሄድ ጀልባ ውሃውን እየገፋች የራሷን ማዕበል ትፈጥራለች። የማዕበሉ ርዝመት ከጀልባዋ ርዝመት ጋር ሲተካከል ተጨማሪ ፍጥነት እጅግ ውድ ይሆናል። 60 ሳንቲ ሜትር ለምትረዝም ጀልባ ይህ ገደብ በሰከንድ 1 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ከሰው የእግር ጉዞ እንኳ ያንሳል! ከዚህ በላይ ለመፍጠን ከማዕበሉ ወጥታ በውሃው ገጽ ላይ መንሸራተት አለባት። ያን ጊዜ ክብደቷን በአብዛኛው የሚሸከመው ከሆዷ የኋላ ክፍል ጋር የሚጋጨው ውሃ ግፊት ነው። ስለዚህ ውሃው ከጀልባዋ የሚለቅበት ጠርዝ ታላቅ ትርጉም አለው።

አንባቢ ይህን በወጥ ቤት ሊሞክረው ይችላል። የማንኪያን ጀርባ ከቧንቧ ወደሚወርድ ውሃ ቢያስጠጉት ማንኪያው ወደ ውሃው ይሳባል፤ ውሃው የተጠማዘዘውን ገጽ ተከትሎ ስለሚታጠፍ በዚያ በኩል ግፊቱ ይቀንሳልና። በሮማኒያዊው መሐንዲስ በሄንሪ ኮአንዳ ስም የሚጠራው ይህ ባሕርይ በጀልባዋም ሆድ ላይ ይታያል። የፋይበር ግላስ ጀልባዎች ከቅርጽ ማውጫው በቀላሉ እንዲላቀቁ የኋላ ጠርዛቸው ብዙውን ጊዜ ክብ ተደርጎ ይሠራል። ውሃው ክቡን ጠርዝ ተከትሎ ወደ ላይ ሲታጠፍ የጀልባዋን ኋላ ወደ ታች ይስባል። ጠርዙ ስለታም ከሆነ ግን ውሃው በንጽሕና ይለቃል።

ቀጥሎ የብረት ማስመሪያን በሆዷ ላይ በቁመት አስደግፎ ከበስተጀርባው መብራት ማብራት ነው። ብርሃን የሚያልፍበት ቦታ ገጹ አለመቅናቱን ያሳያል። ወደ ኋላ ጫፍ እብጠት ካለ ውሃው ኋላዋን ይስባል፤ አፍንጫዋም ይነሳል። በሩጫ ላይ ነፋስ ከሥሯ ገብቶ የሚገለብጣትም በዚህ ጊዜ ነው። በአንጻሩ ስርጉድ ካለ ኋላዋ ተገፍቶ አፍንጫዋ ይደፋል፤ የሚርሰው ገጽ ይሰፋል፤ ሞተሩ ብዙ ኤሌክትሪክ እየሳበ ይግላል፤ አንዳንዴም ይቃጠላል። ስሕተቱ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በመጨረሻው 5 ሳንቲ ሜትር ውስጥ የሚገኝ የ1 ሚሊ ሜትር ልዩነት ከ1 ዲግሪ የሚበልጥ ዝንባሌ ነው፤ ጀልባዋ የምትንሸራተትበት ማዕዘን ራሱ ከጥቂት ዲግሪ አይበልጥም።

ማረሚያው ኢፖክሲ እና የብርጭቆ ወረቀት ነው። ስርጉዱን በኢፖክሲ ሞልቶ፣ በጠርዙም ላይ ጨምሮ፣ ሲደርቅ በቀጥ ያለ እንጨት ላይ በተጠቀለለ ወረቀት መፋቅ ነው። በጣት ብቻ መፋቅ አዲስ ጉድጓድ ያወጣል። የፋይበር ግላስ ብናኝ ሳንባን ስለሚጎዳ በውሃ እያረጠቡ፣ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ መሥራት ያስፈልጋል። ብዙዎች ሆዱን እንደ መስታወት ማወልወል ይወዳሉ፤ ቅርጹ ሳይቀና የሚደረግ ማወልወል ግን ከዓይን ደስታ አያልፍም።

ቅርጹ ከተስተካከለ በኋላ የክብደት ማዕከሉ ይፈለጋል። ባለ አንድ ቀፎ ጀልባ ላይ መነሻው በተለምዶ ከኋላ ጫፍ የርዝመቷ 30 በመቶ ገደማ ነው፤ በ60 ሳንቲ ሜትሯ ጀልባ 18 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። አፍንጫዋ እየዘለለ ካስቸገረ ባትሪውን በ5 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት መግፋት፣ ውሃው ላይ ተጣብቃ ከሄደች ደግሞ ወደ ኋላ መመለስ ነው። በአንድ ሙከራ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ፤ ባትሪውም ሁልጊዜ ሙሉ ይሁን፤ ከየሩጫው በኋላ የሞተሩ ሙቀት ከሰዓቱ ጎን ይመዝገብ።