ዒላማውን የሚያውቅ መድኃኒት



«አላመመኝምና ምንም አይደለም።» ይህን ቃል ጡታቸው ላይ እብጠት ካገኙ እናቶች ብዙ ጊዜ ሰምተናል። የጡት ካንሰር ግን ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ ሕመም የለውም። በዚህ ትምህርት ስለ አንድ ኃይለኛ የጡት ካንሰር ዓይነትና ስለተገኘለት መድኃኒት እንመለከታለን። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. በሽታው

በጡት ሕዋሶች ላይ ሄር-2 የሚባል ፕሮቲን አለ። ሥራውም «ተባዛ» የሚለውን መልእክት ወደ ሕዋሱ ማስተላለፍ ነው። ከመቶ የጡት ካንሰር ሕሙማን ከ15 እስከ 20 በሚሆኑት ይህ ፕሮቲን ከመጠን በላይ ይበዛል፤ ዕጢውም በፍጥነት ያድጋል፣ ቶሎም ይዛመታል። ዶክተር ዴኒስ ስላመንና ባልደረቦቻቸው ይህን በ1987 አስታወቁ።

2. መድኃኒቱ

የተለመደው የካንሰር መድኃኒት በፍጥነት የሚባዛውን ሕዋስ ሁሉ፣ ጤነኛውንም ጭምር ይመታል፤ ጠጉር የሚረግፈውም ስለዚህ ነው። በ1998 በአሜሪካ የተፈቀደው ትራስቱዙማብ ግን ሄር-2ን ፈልጎ ይይዛል፣ መልእክቱንም ያግዳል። በ2005 የወጡ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ከቀዶ ሕክምናና ከተለመደው መድኃኒት ጋር ለአንድ ዓመት ሲሰጥ የበሽታውን ማገርሸት በግማሽ ያህል ቀንሷል። በ2019 የተፈቀደው ትራስቱዙማብ ዴሩክስቴካን ደግሞ ሕዋስ ገዳዩን መድኃኒት ተሸክሞ እስከ ዕጢው ያደርሳል።

3. የእኛ ድርሻ

ይህ መድኃኒት ለሁሉም አይሰጥም። አስቀድሞ ከዕጢው ናሙና ተወስዶ ሄር-2 መብዛቱ መመርመር አለበት። ልብንም ሊያደክም ስለሚችል የልብ ምርመራ ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል፤ በ2019ም በርካሽ ከሚሠሩት ተመሳሳዮቹ የመጀመሪያውን አጽድቋል። ሆኖም ዋጋው ዛሬም ለብዙ ቤተ ሰብ ከባድ ነው።

እንግዲህ መድኃኒቱ ዒላማውን ቢያውቅም፣ እብጠቱን ደብቃ በቤት የተቀመጠችውን እኅት ፈልጎ አያገኛትም። እርስዋን መፈለግ የእኛ ፋንታ ነው። እንጸልይላት፤ ደግሞም እጅዋን ይዘን ወደ ሐኪም እንውሰዳት። ለመጓጓዣዋ እናዋጣ፤ ልጆችዋን እንጠብቅላት፤ ሕክምናውን እስክትጨርስ አንለያት።

ለውይይት

ሀ. በአካባቢያችን እናቶች እብጠትን የሚደብቁት ለምንድን ነው?
ለ. የናሙና ምርመራ ከመድኃኒቱ የሚቀድመው ለምንድን ነው?
ሐ. አንዲት እኅት ዛሬ ብትነግረን፣ ነገ ማን አብሯት ይሄዳል?