ዳጉና ክፍት ሶፍትዌር፦ የተጠቃሚን አስተያየት እንዴት እንሰብስብ?



ክፍት ሶፍትዌር የምንለው ኮዱ ለሁሉም የተገለጠ፣ ማንም አንብቦ እንዲያሻሽለው የተፈቀደ ፕሮግራም ነው። ብዙዎቻችን በዚህ ሥራ ለመሳተፍ የግድ ኮድ መጻፍ ያለብን ይመስለናል። ኮድ ለሚጽፉት ግን ብዙ ጊዜ የሚያጥራቸው፣ ፕሮግራሙ አዋሽ ወይም ሰመራ ላይ በሥራ ሰዓት ምን እንደሚያስቸግር አጣርቶ የሚነግራቸው ሰው ነው።

በቅርባችን ያለውን ዲኤችአይኤስ 2ን እንመልከት። የጤና መረጃ መሰብሰቢያ ክፍት ሶፍትዌር ነው። መነሻው ከአፓርታይድ ማብቃት በኋላ ደቡብ አፍሪካ ሲሆን፣ ዛሬ ልማቱን የሚመራው የኖርዌዩ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው። ጤና ሚኒስቴራችንም በ2010 ዓ.ም. የጤና ተቋማትን ሪፖርት በዚህ መሰብሰብ ጀመረ። አዋሽ ላይ የተመዘገበ የክትባት ቁጥር በሰመራ አልፎ አዲስ አበባ ይደርሳል። ቁጥሩ ከተዛባ የሚላከው ክትባትና የወባ መድኃኒትም አብሮ ሊዛባ ይችላል።

ኦስሎ ያለ ፕሮግራመር የእኛን ነገር በግምት አያውቅም። ዓመታችን 13 ወር ነው፤ የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የጤና ተቋማት ወርሃዊ ሪፖርት ደግሞ ከወሩ 21 እስከ ተከታዩ ወር 20 ያለውን ይይዛል። ዲኤችአይኤስ 2 ዛሬ በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር መሥራት ይችላል፤ እንዲህ ያለው ነገር የሚታወቀው ከሚጠቀምበት ሰው ነው። «ቀኑ ያስቸግራል» ብለን ብንጽፍ ግን ማንም ምንም አይሠራበትም። ለምሳሌ «ጳጉሜን 3ን ላስገባ ስል ፕሮግራሙ ቀኑ የለም አለኝ» ብንል፣ ሠሪው ያንኑ ቀን አስገብቶ ይሞክረዋል።

መድረሳ የቀራን ሁሉ ይህን እናውቀዋለን። ዑስታዛችን «ቂርኣትህ ደካማ ነው» ብሎ አይሸኘንም ነበር። ሐርፉ ላይ ያስቆመናል፣ ከየት መውጣት እንዳለበት ያሳየናል፣ እንደገና ያስቀራናል።

ዓፋሮች ደግሞ ዳጉ አላቸው። መንገድ ላይ የተገናኙ ሰዎች ቁጭ ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ፦ ከየት መጣህ፣ ዝናቡ የት ጣለ፣ ግጦሹ እንዴት ነው፣ ማን ታመመ። በዓይን የታየው ከተሰማው ይለያል፤ የተሰማ ከሆነ ከማን እንደሆነ ይጠየቃል። ሐሰተኛ ወሬ ማስተላለፍ ትልቅ ነውር ነው። በዩኒቨርሲቲ ስለ ተጠቃሚ ጥናት የምንማረው አብዛኛው ነገር እዚህ ውስጥ አለ ብንል አላጋነንም።

እንግዲህ እንደ ዳጉ እንጠይቅ። አንዲትን የጤና ባለሙያ «ፕሮግራሙን ወደዱት?» ብንላቸው ለእንግዳ ክብር ሲሉ «በጣም ጥሩ ነው» ይሉናል፤ እኛም ባዶ እጃችንን እንመለሳለን። ይልቅስ «ባለፈው ሳምንት ሪፖርት ሲያስገቡ የት ላይ ቆሙ? ከዚያስ ምን አደረጉ?» እንበል። ከተቻለ ሲሠሩ አጠገባቸው ተቀምጠን እንይ፤ እጃችንን ግን ከማውሱ እናርቅ (ለኢንጂነሪንግ ተማሪ ከባዱ ፈተና ይህ ነው!)። እየረዳናቸው ከሆነ የት እንደሚቸገሩ አናይም። መጀመሪያ ወረቀት ላይ ጽፈው ኔትወርክ ሲመጣ የሚገለብጡ ከሆነ፣ ያ ወረቀት ከብዙ መጠይቅ የበለጠ ይነግረናል። ዓፋርኛ የሚቀላቸውን ደግሞ በዓፋርኛ እንስማቸው፤ በአማርኛ ሁለት ቃል የመለሰ ሰው በአፍ መፍቻው ብዙ ያወራል።

የስም ነገር ለብቻው መነሳት አለበት። «መሐመድ»፣ «መሀመድ» እና «ሙሐመድ» ለእኛ አንድ ስም ናቸው። ለኮምፒውተር ግን ሐ እና ሀ የተለያዩ ቁጥር ያላቸው ፊደላት ስለሆኑ ሦስት ሰዎች ናቸው። ዓፋርኛ በላቲን ሲጻፍ ደግሞ የዐይን ድምፅ የሚጻፈው በኪው ነው፤ «ዓፋር» የሚለው ስም ራሱ በኪው ይጀምራል። ከከብቱ ጋር ቦታ ቀይሮ ሌላ ጤና ኬላ የደረሰ ቤተሰብ የልጁ ካርድ በስም ተፈልጎ ቢታጣ፣ ልጁ እንደ አዲስ ይመዘገባል፤ የወሰደው ክትባትም አይታወቅለትም። ስለዚህ «ፍለጋው አይሠራም» ብለን አንለፈው። በምን ፊደል ተመዝግቦ በምን ፊደል እንደተፈለገ ሁለቱንም እንጻፍ። የምንጽፈው ግን በፈጠርነው ስም ይሁን። የበሽተኛ ስም አማና ነው፤ ስክሪኑን ፎቶ ስናነሳም ስሙንና ስልኩን ሳንሸፍን መላክ አይገባም።

ሪፖርቱ አጭር ይሁን፤ አንድ ሪፖርት አንድ ችግር ብቻ ይያዝ። የፕሮግራሙ እትም ስንት ነው፣ በስልክ ነው በኮምፒውተር፣ ምን በምን ቅደም ተከተል ተጫኑ፣ ምን ጠበቁ፣ ምን ሆነ። ያየነውንና የነገሩንን እንለይ። ከመላካችን በፊት ሌላ ሰው ያንኑ አስመዝግቦ እንደሆነ እንፈልግ፤ ካለ የእኛን ምሳሌ እዚያው እንጨምርበት።

ብዙ ጊዜ ከሠሪዎቹ የሚመጣው የመጀመሪያ መልስ «እኛ ጋ ሲሞከር ይሠራል» የሚል ነው። አንቀየም። ወደ ባለሙያዋ ተመልሰን እንደገና አብረን እንሞክረው፤ የተባለውንም እንንገራቸው። ያለ መልስ የቀሩ ሰው ሁለተኛ ጊዜ ስንሄድ «ጥሩ ነው» ብለው ይሸኙናል።