በዴስክቶፕ ሊኑክስ ላይ የማይታዩት የሰርቨር ማስተካከያ መሣሪያዎች፦ የት አሉ? እንዴትስ ይገኛሉ?

ሊኑክስን ለዕለት ተዕለት ሥራ የጫነ ሰው ኮምፒውተሩን ወደ አነስተኛ ሰርቨር ለመለወጥ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ አንድ እንቆቅልሽ ይገጥመዋል። የመማሪያ መጽሐፉ «ይህን የሰርቨር ማስተካከያ ክፈት» ይለዋል፤ በሜኑው ላይ ግን የተባለው ነገር የለም። ትእዛዙን በተርሚናል ሲጽፍም «ትእዛዙ አልተገኘም» የሚል መልስ ይመጣለታል። በዚህ ትምህርት መሣሪያዎቹ የማይታዩባቸውን ምክንያቶች፣ የማግኛውን መንገድ፣ ከተገኙ በኋላም ሊደረግ የሚገባውን ጥንቃቄ በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

ጉዳዩ ዛሬ ብዙዎችን ይመለከታል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 (ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.) አቁሟል። ዊንዶውስ 11ን መሸከም ያቃተው ኮምፒውተር ግን ሊኑክስ ቢጫንበት ገና ብዙ ዓመት ያገለግላል። የሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ በሰየመው የፌርፋክስ ጎዳና ሠፈር ያለ ሱቅ፣ ከዚያ በስተ ደቡብ በቶራንስ የሚኖር ቤተሰብ፣ ወይም በአዲስ አበባና በባሕር ዳር ያለ ትምህርት ቤት ሰነዶቹንና ፎቶግራፎቹን በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ አከማችቶ ለሌሎቹ ኮምፒውተሮች ማካፈል ይችላል። ችግሩ መሣሪያው ሲጠፋ የሚወሰደው እርምጃ ነው። አንዳንዱ ያለ አስፈላጊነቱ ሥርዓቱን ደምስሶ እንደገና ይጭናል፤ አንዳንዱ ከማያውቀው ቦታ ያገኘውን ፕሮግራም ሙሉ ሥልጣን ሰጥቶ ያስኬዳል። በሁለቱም መንገድ የዓመታት መዝገብ ሊጠፋ ይችላል።

ከመቀጠላችን በፊት አንድ ማሳሰቢያ፦ ከዚህ በታች የተጠቀሱት ትእዛዞች በግእዝ ፊደል የተጻፉት እንደ አነባበባቸው ነው። በተርሚናል ላይ ሲጻፉ ግን በላቲን ፊደል መሆን አለባቸው።

ቤቱ አንድ፣ ዕቃው ልዩ ልዩ

የዴስክቶፕና የሰርቨር ሊኑክስ በመሠረቱ አንድ ናቸው። የኡቡንቱ ዴስክቶፕና የኡቡንቱ ሰርቨር ፓኬጆቻቸውን የሚያወርዱት ከአንድ ማከማቻ ነው። ልዩነቱ መጀመሪያ ሲጫኑ ይዘውት በሚመጡት ዕቃ ላይ ነው። ፌዶራ የዴስክቶፕና የሰርቨር እትሞቹን ለይቶ ማውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2014 በወጣው 21ኛው እትሙ ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ ኡቡንቱ ዴስክቶፕ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ለመግባት የሚያስችለውን የኤስኤስኤች ደንበኛ ይዞ ይመጣል፤ ሌሎች ወደ እርሱ እንዲገቡ የሚያደርገውን የኤስኤስኤች ሰርቨር ግን አይዝም። ይህ የሆነው በመዘንጋት አይደለም። ባለቤቱ ሳያዝ በኔትወርኩ በኩል የሚከፈት በር እንዳይኖር ለጥንቃቄ የተደረገ ነው። ስለዚህ መሣሪያው አለመታየቱ ብልሽት ነው ብሎ መደምደም አይገባም።

መሣሪያው የማይታይባቸው አራት ምክንያቶች

አንደኛው ምክንያት ከላይ እንዳየነው ፓኬጁ ከነጭራሹ ያልተጫነ መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ብዙዎችን ያሳስታል። የሶፍትዌር መደብር የሚባለው የዴስክቶፕ ፕሮግራም ማከማቻው ውስጥ ያለውን ሁሉ አያሳይም። በዋናነት የሚያሳየው የራሳቸው መስኮት፣ ሥዕላዊ ምልክትና መግለጫ የተዘጋጀላቸውን ፕሮግራሞች ነው። ከበስተጀርባ የሚሠሩ እንደ ሳምባና አፓቼ ያሉ የሰርቨር ፓኬጆች ግን መስኮት የላቸውም። በመደብሩ ፈልጎ ያጣቸው ሰው «የሉም» ይላል፤ እነርሱ ግን በማከማቻው ውስጥ ተቀምጠዋል። በተርሚናል «አፕት ሰርች» ወይም በፌዶራ «ዲኤንኤፍ ሰርች» ብሎ የፈለገ ያገኛቸዋል። በመስኮት መሥራትን የሚመርጥ ደግሞ በዴቢያንና በኡቡንቱ ላይ ሲናፕቲክ የተባለውን ፕሮግራም ቢጭን ሁሉንም ፓኬጆች ያያል።

ሦስተኛው ምክንያት የመንገድ ጉዳይ ነው። መሣሪያው ተጭኗል፤ ነገር ግን ሥርዓቱ የሚፈልገው በሌላ ቦታ ነው። የአስተዳዳሪ ትእዛዞች «ኤስቢን» በሚባል ማውጫ ውስጥ ይቀመጣሉ። በዴቢያን ላይ ይህ ማውጫ በተራ ተጠቃሚ የፍለጋ መንገድ ውስጥ የለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው ዴቢያን 10 ጀምሮ ደግሞ «ሱ» ብሎ ብቻ ወደ ሩት የገባ ሰው የቀድሞውን የራሱን የፍለጋ መንገድ ይዞ ይገባል። ስለዚህ ሩት ሆኖም «አልተገኘም» ይባላል። መፍትሔው ከ«ሱ» ቀጥሎ ክፍት ቦታ ትቶ ሰረዝ መጨመር ነው። መሣሪያው በእርግጥ መኖሩን ለማወቅ «ዌርኢዝ» የሚለውን ትእዛዝ ከመሣሪያው ስም ጋር መጻፍ ይጠቅማል፤ ይህ ትእዛዝ «ኤስቢን»ንም ጭምር ይፈትሻል።

አራተኛው ምክንያት ዘመን ነው። በቀድሞዎቹ የሬድ ሃትና የፌዶራ እትሞች ስማቸው «ሲስተም ኮንፊግ» ብሎ የሚጀምር፣ ሳምባን፣ ኤንኤፍኤስንና አፓቼን በመስኮት የሚያስተካክሉ መሣሪያዎች ነበሩ። በዚያ ዘመን የተጻፉ መማሪያዎች ዛሬም እነርሱን ይጠቅሳሉ፤ መሣሪያዎቹ ግን ቀስ በቀስ ከማከማቻው ወጥተዋል። «አይኤፍኮንፊግ» የተባለው የኔትወርክ ትእዛዝም ቦታውን «አይፒ» ለሚባለው ስለ ለቀቀ በብዙ አዳዲስ እትሞች ላይ ተጭኖ አይመጣም። የቆየ መጽሐፍ ይዞ አዲስ ሥርዓት የሚያስተካክል ሰው በመጀመሪያ የመጽሐፉን ዓመት ይመልከት።

ፍለጋው በቅደም ተከተል

በመጀመሪያ «ዌርኢዝ» ተብሎ ይጠየቃል። መሣሪያው ካለ ችግሩ የመንገድ ነው ማለት ነው። ከሌለ የትኛው ፓኬጅ እንደያዘው ይፈለጋል። በፌዶራ «ዲኤንኤፍ ፕሮቫይድስ» የሚለው ትእዛዝ አንድ ፋይል በየትኛው ፓኬጅ ውስጥ እንደሚገኝ ይናገራል። በዴቢያንና በኡቡንቱ ይህንኑ የሚሠራው «አፕት ፋይል» ነው፤ እርሱ ግን ራሱ በቅድሚያ መጫንና ዝርዝሩን ማደስ ይፈልጋል።

ስሞች ከሥርዓት ሥርዓት እንደሚለያዩም መዘንጋት የለበትም። የአፓቼ ፓኬጅ በኡቡንቱ «አፓቼ 2» ሲባል በፌዶራ «ኤችቲቲፒዲ» ይባላል። የሳምባ አገልግሎት በኡቡንቱ «ኤስኤምቢዲ»፣ በፌዶራ ደግሞ «ኤስኤምቢ» ነው። ፓኬጁ ከተጫነ በኋላ የማስተካከያ ፋይሉ አብዛኛውን ጊዜ «ኢቲሲ» በሚባለው ማውጫ ሥር ይገኛል።

ኢንተርኔትን በዳታ ጥቅል ለሚገዙ አንባቢዎቻችን አንድ መልካም ነገር አለ፦ አፕትም ሆነ ዲኤንኤፍ ብዙ ፓኬጆችን ከማውረዳቸው በፊት መጠኑን አሳይተው ፈቃድ ይጠይቃሉ። ያን ቁጥር አይቶ መወሰን ይቻላል።

ኮክፒት፦ የዘመኑ ምትክ

የጠፉትን የመስኮት መሣሪያዎች በከፊል የተካው ኮክፒት ነው። ከተጫነ በኋላ በድረ ገጽ መክፈቻ በፖርት 9090 በኩል ይከፈታል። አገልግሎቶችን ማስነሣትና ማቆም፣ የዲስክን ሁኔታ ማየት፣ ተጠቃሚዎችን መመዝገብ፣ የስሕተት መዝገብን ማንበብ ያስችላል። በፌዶራ ሰርቨር ላይ ተጭኖ ይመጣል፤ በፌዶራ ዴስክቶፕና በኡቡንቱ ግን ከማከማቻው መጫን አለበት። ይሁን እንጂ የሳምባንና የአፓቼን ዝርዝር ማስተካከያ ሁሉ በራሱ አያከናውንም፤ ፋይሉን በጽሑፍ ማረም አሁንም አስፈላጊ ነው።

ምሳሌ፦ በኡቡንቱ ላይ ፋይል ማካፈል

የሳምባን ሥራ እንውሰድ። በ«ሱዶ አፕት ኢንስቶል ሳምባ» ፓኬጁ ይጫናል። ቀጥሎ «ኤስኤምቢ ነጥብ ኮንፍ» የተባለው የማስተካከያ ፋይል ሳይነካ በፊት ቅጂው ይቀመጣል። በፋይሉ መጨረሻ ላይ የሚጋራው ፎልደር ስምና ያለበት ቦታ ይጻፋል። ከዚያ «ቴስትፓርም» የሚለው ትእዛዝ የጽሑፍ ስሕተት መኖር አለመኖሩን ይመረምራል። በ«ኤስኤምቢፓስውድ» ለተጠቃሚው የሳምባ የይለፍ ቃል ይሰጠዋል፤ ይህ ቃል ከኮምፒውተሩ መግቢያ ቃል የተለየ ስለሆነ ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው መግባት አይችልም። በመጨረሻ አገልግሎቱ እንደገና ይነሣል። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ስለ ገባ የፎልደሮቹንና የፋይሎቹን ስም በአማርኛ መጻፍ ይቻላል።

ተጭኖም የማይሠራ ከሆነ ሦስት ነገሮች ይፈተሹ። አንደኛ፣ አገልግሎቱ ተነሥቷል ወይ? ኡቡንቱ አገልግሎቱን እንደተጫነ ወዲያው ያስነሣዋል፤ ፌዶራ ግን አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ እስኪያዝ ይጠብቃል። ሁለተኛ፣ ፋየርዎሉ ፈቅዷል ወይ? ሦስተኛ፣ በፌዶራ ላይ ኤስኢሊኑክስ የተባለው ጠባቂ ፎልደሩ እንዲጋራ ፈቅዷል ወይ? ጠባቂውን ጨርሶ ማጥፋት መፍትሔ አይደለም፤ ለፎልደሩ ተገቢውን ምልክት መስጠት ነው የሚገባው።

ከተገኘ በኋላ

የሰርቨር መሣሪያ መጫን በር መክፈት ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም በዊንዶውስ የፋይል መጋሪያ በር ገብቶ በብዙ አገሮች የሚገኙ ኮምፒውተሮችን ፋይሎች ቆልፏል። በዚያው ወር ከ3.5.0 ስሪት ጀምሮ በሳምባ ውስጥ የነበረ ከባድ ክፍተት ይፋ ሆኖ መድፈኛው ወጥቷል። ያን ጊዜ የዳነው ሥርዓቱን በወቅቱ ያደሰና የፋይል መጋሪያውን በር ለኢንተርኔት ያልከፈተ ነው።

እንግዲህ መሣሪያ ሲጠፋ በቅድሚያ መኖሩን መጠየቅ፣ ከሌለ ከራሱ ከሥርዓቱ ማከማቻ መጫን፣ የማስተካከያ ፋይልን ከመንካት በፊት ቅጂ ማስቀመጥ፣ የማያስፈልግ አገልግሎትን ማጥፋት ይገባል። ምንጩ ያልታወቀን ፕሮግራም በ«ሱዶ» ማስኬድ የቤትን ቁልፍ ለመንገደኛ እንደመስጠት ነው። የሰነዶቻችሁን ሌላ ቅጂ ደግሞ ከሰርቨሩ በተለየ ዲስክ ላይ አኑሩ፤ ሥርዓቱ ቢበላሽ እንደገና ይጫናል፣ የጠፋ ሰነድ ግን ከየትኛውም ማከማቻ አይወርድም።