ውሻው የማን ነው?

እኛ እጩ መምህራን ለማስተማር ልምምድ ከደባርቅ ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት ትምህርት ቤት ሳለን፣ አንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ባቱን በጨርቅ ጠቅልሎ እያነከሰ መጣ። ከሁለት ቀን በፊት ውሻ ነክሶታል። ቤተሰቡ ቅጠል ወቅጠው አስረውለታል፤ ሌላ የተደረገለት ነገር የለም። የማን ውሻ እንደሆነ ስንጠይቅ መንደሩ ሁሉ አንድ ደጅ ጠቆመን። አባወራው ግን «የኔ አይደለም፤ እንዲያው መጥቶ የቀረ ነው» አሉን። ሌሊት ጅብ ሲመጣ የሚጮኸው እኮ ለእርሳቸው ነው! በማግስቱ ውሻው ከመንደሩ ጠፋ።

ታዲያ ቢጠፋስ ምን አለበት እንል ይሆናል። የእብድ ውሻ በሽታ ተሕዋስ በለሃጭ ውስጥ ሆኖ በንክሻ ይገባል፤ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይጓዛል። ምልክቱ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ነው፤ አንዴ ከታየ በኋላ ግን የሚያድን መድኃኒት የለም። የነከሰው ውሻ ታስሮ 10 ቀን ደኅና ከቆየ፣ በነከሰበት ዕለት በለሃጩ ተሕዋሱ አልነበረም ማለት ነው። የተነከሰው ሰው ግን ይህን አይጠብቅም። ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድና ክትባቱን መጀመር አለበት። እኛም ዘግይተንም ቢሆን የልጁን ቁስል አጠብን፤ አባቱም ይዘውት ሄዱ። ውሻው ስላልተገኘ መርፌውን እስከ መጨረሻው መውሰድ ግድ ሆነበት።

በደባርቅና በዳባት መንገድ ዳር ሲንከራተት የምናየው ውሻ ሁሉ ባለቤት አልባ አይደለም። ብዙው ደጅ አለው፣ የሚጠይቀው ግን የለም። ስትወልድም ወንዱ ቡችላ ይመረጥና ሴቶቹ በከረጢት ወንዝ ዳር ይጣላሉ። ከሞት የተረፉት በሥጋ ቤት ጓሮና በቆሻሻ ክምር ያድጋሉ፣ እነርሱም በተራቸው ይወልዳሉ። ሲበዙ ደግሞ መርዝ ይሰጣቸዋል። መርዙ የተከተበውንም ያልተከተበውንም አንድ ላይ ይጨርስና ቦታውን ከሌላ ሰፈር የመጣ ያልተከተበ ውሻ ይይዘዋል። በሽታውን የሚያቆመው ከውሾቹ 70 በመቶውን ያህል መከተብ መሆኑ በብዙ አገር ታይቷል።

ነገሩ ከመንደርም ያልፋል። ከእረኛው ጋር ወደ ስሜን ተራሮች የሚወጣ ውሻ ቀይ ቀበሮ ካለበት ይደርሳል። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም፤ ለአካለ መጠን የደረሱት በጠቅላላው ከ500 አይበልጡም። እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ ተራሮች ከውሻ የተነሳው ወረርሽኝ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛውን ያህል ፈጅቷል። በስሜን የቀሩት ከባሌዎቹ በቁጥር እጅግ ያነሱ ስለሆኑ፣ እንዲህ ያለውን አንድ ጊዜ እንኳ የሚችሉት አይመስለንም።

ይህን ለሦስተኛ ክፍል እንዴት እናስተምር? በመጀመሪያ «ቤቱ ውሻ ያለው እጁን ያንሳ» ብለን ነበር፤ የተነሱት ጥቂት እጆች ናቸው። ጥያቄውን ለወጥ አድርገን «ማታ ደጃችሁ ላይ ውሻ የሚጮህላችሁስ?» ስንል ግን ክፍሉ በሙሉ እጁን አወጣ። የውሻውን ስም፣ ማን እንደሚያበላው፣ ተከትቦ እንደሆነ ከቤት ጠይቀው እንዲመጡ አዘዝናቸው። በማግስቱ ስም ይዘው የመጡት ብዙ ናቸው። ተከትቧል ያለ ግን አንድም ልጅ አልነበረም።