መሸጥ ወይስ መለወጥ? የመንፉሐ ትምህርት

ለጥናት ክበብ የቀረበ ጥያቄ፦ ያገለገለ የናፍጣ መኪና ያለው ሰው በጥሬ ገንዘብ ይሽጠው ወይስ ለነጋዴ ሰጥቶ ልዩነቱን በመጨመር ሌላ ይውሰድ?

ለአሮጌው የተጠራው ዋጋ አያታልለን፤ ወሳኙ ከኪስ የሚወጣው ነው። ለምሳሌ ነጋዴው አሮጌውን በ60,000 ሪያል ተቀብሎ አዲሱን 200,000 ቢል፣ የምንጨምረው 140,000 ነው። አሮጌውን ራሳችን በ58,000 ሸጠን ያንኑ አዲስ በጥሬ ገንዘብ በ190,000 ብናገኝ ግን 132,000 ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ገዢ መፈለግ ጊዜ ይጠይቃል። ጊዜ ያጣ ሻጭ ዋጋ አይቆርጥም፤ ይቆረጥበታል። የሪያዱ መንፉሐ ምስክር ነው። የምሕረቱ ጊዜ ጥቅምት 24 ቀን 2006 ዓ.ም. አብቅቶ አፈሳው ሲጀመር፣ ብዙ ወገኖቻችን ያፈሩትን ጥለው ወጡ። በወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን አገር ገቡ።

ስለዚህ ውሳኔው የመኖሪያ ፈቃድ ሳይቃጠል፣ መኪናውም ሳይሰበር ይሁን።

መወያያ፦ ቀነ ገደብ ሲቃረብ በገበያው የሚያተርፈው ማን ነው?