ሳይቃጠል በቅጠል
(የመንደር ውኃ መስመርን ዘወትር ስለ መንከባከብ)

ብዙዎቻችን ተመርቀን የምንመደብበት የገጠር ትምህርት ቤት ውኃ የሚያገኘው ከመንደሩ ጋር ከሚጋራው ቦኖ ነው። ቦኖው ሲደርቅ ጉዳቱ ወዲያው ክፍላችን ውስጥ ይታያል። ጀሪካን ይዘው ወደ ወንዝ የሚወርዱት በአብዛኛው ልጃገረዶች ናቸውና በማለዳው ክፍለ ጊዜ ቦታቸው ባዶ ይሆናል። እንግዲህ የውኃ መስመር ነገር የቴክኒሻን ብቻ ሳይሆን የመምህርም ጉዳይ ነው ማለት ነው።

እዚህ የምንመለከተው ከጎለበተ ምንጭ ተነሥቶ ያለ ሞተር በራሱ ክብደት ቁልቁል የሚወርደውን መስመር ነው። በ1980ዎቹ ዓ.ም. በአርሲ፣ በሂጦሳ ወረዳ የተዘረጋው ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። የተራራ ምንጭ ውኃ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ቱቦ ለብዙ ቀበሌዎችና ትንንሽ ከተሞች ሲዳረስ፣ አስተዳደሩን የያዙት ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው የመረጧቸው ሰዎች ነበሩ። የጥገናውም ወጪ ከውኃው ሽያጭ እንዲሸፈን ተደርጓል። ከዚህ እንደምንረዳው መስመር ዘርግቶ ማስመረቅ የሥራው መጀመሪያ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ በየጊዜው የሚያየው ሰው ያስፈልገዋል።

የመስመሩ ዋና ዋና ክፍሎች አራት ናቸው፤ እነርሱም ምንጩ፣ ቱቦው፣ ማጠራቀሚያውና ቦኖው ናቸው። እንክብካቤያቸውን በተራ እንመልከት።

1. ምንጩ፦ ዙሪያው ይታጠራል፤ ከብት አይገባበትም። ከምንጩ በላይ ባለው ተዳፋት ጎርፉን ወደ ጎን የሚመልስ ቦይ ሊኖር ይገባል፤ ይህም ቦይ ክረምት ከመግባቱ በፊት ይጠረጋል። በአጠገቡ ሣር መኖሩ መልካም ነው። ባሕር ዛፍን የመሰለ ሥሩ ረጅም የሆነ ዛፍ ግን ግንቡን ይሰነጥቃል። ክዳኑ ሁልጊዜ ይቆለፋል።

2. ቱቦው፦ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ መስመሩን ከላይ እስከ ታች በእግር መከተል ያስፈልጋል። በበጋ ሌላው ሣር ደርቆ አንድ ቦታ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ከታየ፣ ከሥሩ ቱቦ እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል። ጎርፍ አፈሩን ጠርጎት የተገለጠ የፕላስቲክ ቱቦም ቶሎ ይቀበር፤ ፀሐይ ስታገኘው እየደረቀ ይሰነጠቃል።

የቧንቧ ሠራተኞች ሳራቺኔስካ የሚሉትን መዝጊያ በየጊዜው ከፍቶ መዝጋት ተገቢ ነው፤ አለዚያ ዝጎ ይያዝና በሚፈለግበት ቀን እምቢ ይላል። ሲዘጋ ግን ቀስ ተብሎ ነው። ውኃው በቆመበት ጊዜ በየ10 ሜትሩ የከፍታ ልዩነት ግፊቱ በ1 አትሞስፌር ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ማጠራቀሚያው ከመንደሩ 60 ሜትር ከፍ ብሎ ቢሠራ፣ ታች ያለው ቱቦ ወደ 6 አትሞስፌር ይሸከማል። የሚሮጠውን ውኃ በድንገት ብናቆመው ደግሞ ግፊቱ ከዚህም በላይ ዘልሎ መገጣጠሚያውን ሊፈታው ይችላል።

3. ማጠራቀሚያው፦ የአየር መውጫውና የትርፍ ውኃ መፍሰሻው ወንፊት መቀደድ አለመቀደዱ ይታያል። ውስጡ በዓመት አንድ ሁለቴ ይታጠባል። ለማጠብ የሚገባ ሰው ክዳኑ ተከፍቶ በቂ አየር ከገባ በኋላ ይግባ፤ ውጪ ሆኖ የሚጠብቀው ሰውም ይኑር። ከታጠበ በኋላ 5 በመቶ ክሎሪን ያለው በረኪና ለ1,000 ሊትር ውኃ 1 ሊትር ሒሳብ ተጨምሮ 24 ሰዓት ይቆያል። በዚህ ጊዜ ወደ መንደር የሚሄደው መስመር ዝግ መሆን አለበት። ይህ ውኃ ፈጽሞ አይጠጣም፤ ከዓሣና ከአዝመራ ርቆ ይደፋል። ከዚያም ጋኑ በንጹሕ ውኃ ይለቀለቃል።

4. ቦኖው፦ እዚህ ላይ ነው «ትንሽ ነው እኮ፣ ምን ችግር አለው?» የሚባለው። ታዲያ ትንሽነቱን እስቲ በሒሳብ እንየው። በ1 ደቂቃ 1 ሊትር የሚያፈስ ቧንቧ በቀን 1,440 ሊትር ያባክናል፤ ይህም ባለ 20 ሊትር 72 ጀሪካን ነው። አንድ ቤተሰብ በቀን 3 ጀሪካን ቢቀዳ፣ የ24 ቤተሰብ ውኃ መሬት ጠጣው ማለት ነው! ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ አንዲት የጎማ ዋሸር ናት። ስለዚህ ኮሚቴው ዋሸር፣ ትርፍ ቧንቧ፣ ቃጫና የቱቦ መፍቻ አስቀድሞ ገዝቶ ማስቀመጥ አለበት። የውኃው ገንዘብም በደረሰኝ ይሰብሰብ፤ ሒሳቡ በሕዝብ ፊት ይነበብ። ገንዘቡ የት እንደገባ ያላወቀ ሰው በሚቀጥለው ወር አይከፍልም፤ ሊከፍልም አይገባውም ቢባል አያስደንቅም።

የመምህሩ ድርሻ ምንድን ነው? መፍቻ መያዝ ላይሆን ይችላል። መለካትና መመዝገብ ግን የእኛ ሙያ ነው። ተማሪዎች በሰዓትና በጣሳ የቦኖውን ፍሳሽ ለክተው በደብተር ቢይዙ፣ የሒሳብም የሳይንስም ትምህርት ይሆንላቸዋል። ኮሚቴውም ከወሬ ይልቅ ቁጥር ያገኛል። ይሁን እንጂ የቦኖውን ተቆጣጣሪ አልፈን መዝጊያ እንዳንነካ። ያየነውን በአክብሮት ለኮሚቴው ማስታወቅ ይበቃል።

ቱቦ ሲፈነዳ ሁሉም ይሮጣል። ጠብ ጠብ ሲል ግን የሚያየው የለም። ያንን የሚያይ ዓይን በተማሪዎቻችን ላይ እናሳድግ።

የመልመጃ ጥያቄዎች፦
ሀ. አንድ ቦኖ በ2 ደቂቃ 1 ሊትር ቢያፈስ በ30 ቀን ስንት ጀሪካን ይባክናል?
ለ. ወለሉ 4 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ማጠራቀሚያ አለ። ማታ መግቢያውና ቦኖዎቹ በሙሉ ተዘግተው፣ ከ8 ሰዓት ቆይታ በኋላ ውኃው በ10 ሳንቲ ሜትር ቀንሶ ተገኘ። በሰዓት ስንት ሊትር ጠፋ? ፍለጋውንስ ከየት ትጀምራላችሁ?
ሐ. በተመደባችሁበት ቀበሌ የውኃ ኮሚቴው ሒሳብ ለሕዝብ ተነብቦ የማያውቅ ቢሆን ምን ታደርጋላችሁ? በቡድን ተወያዩበት።